እስክስታ የሚወርድ ደመና፦ በጎንደር የገጸ ባሕርይ አልባሳት ስለሚሰፋ አንድ ቤት

ለቴሌቪዥን የአየር ሁኔታ ዘገባ ስፖንሰርነት የሚሆኑ ሦስት የገጸ ባሕርይ አልባሳት እዚሁ ጎንደር አሠርተን መጠቀም ከጀመርን አንድ ክረምት ሙሉ አለፈ። ልብስ በአንድ ቀን ቀረጻ አይመዘንም፤ ተለብሶ፣ ታጥቦ፣ ተጠግኖ ሲያበቃ ነው የሰፊው እጅ የሚታወቀው። እንዲህ ያለውን ሥራ ለማሠራት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ግድ የሚመስላቸው ነጋዴዎች እንዳሉ ስለማውቅም፣ ካየሁት መልካሙንም ጉድለቱንም ሳልሸፍን እጽፋለሁ። ባለሙያዋ ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀውኛል፤ የሰውን ማስታወቂያ ሲያሳምሩ ውለው ለራሳቸው ማስታወቂያ የማይወዱ ሰው ናቸው። ቢሆንም አራዳ ገበያ ገብቶ በልብስ ሰፊዎቹ መደዳ «ደመና የሰፉት እናት የት ናቸው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቤቱን አያጣውም።

መጀመሪያ ምን እንዳዘዝን ልናገር። ድርጅታችን የጣሪያ ቆርቆሮና ቀለም ያከፋፍላል። የአየር ሁኔታ ዘገባ በየዕለቱ በታወቀ ሰዓት የሚመጣ፣ አጭር፣ ገበሬውም መንገደኛውም የሚጠብቀው ዝግጅት በመሆኑ፣ ዕቃው ከሰማይ ጋር ጉዳይ ላለው ነጋዴ የተሻለ ቦታ አይገኝለትም። በብሪታንያ የኤሌክትሪክ ኩባንያው ፓወርጄን እ.ኤ.አ. በ1989 የአይቲቪን የአየር ሁኔታ ዘገባ ስፖንሰር ማድረግ ሲጀምር የያዘው ሒሳብ ከዚህ የራቀ አይመስለኝም፤ ብርዱ ሲነገር የሚያሞቀው አብሮ ይታወሳል። የኛም ሐሳብ ዝናቡ ሲነገር ቆርቆሮው ትዝ እንዲል ነበር።

ከጣቢያው ጋር በተዋዋልነው መሠረት ከዘገባው በፊትና በኋላ ዐሥር ዐሥር ሰከንድ ተሰጥቶናል። ገጸ ባሕርያቱ ግን አንድ ቃል እንዲተነፍሱ አልተፈቀደላቸውም፤ ትንበያው የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ሥራ ስለሆነ የቆርቆሮ ነጋዴ ደመና «ነገ ይዘንባል» ቢል ተመልካቹ ማንን እንደሚያምን ግራ ይገባዋል። ተገቢ ውል ነው፤ ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ ልብሱ ላይ ይጥለዋል። በቴሌቪዥናችን በአንድ ሰከንድ 25 ምስሎች ያልፋሉ፤ ዐሥር ሰከንድ እንግዲህ 250 ምስል ነው፤ በዚያ ውስጥ ተመልካቹ ይህ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሰማውና ነገ ጃንጥላ ይያዝ አይያዝ ያለ ንግግር መረዳት አለበት። ስለዚህ ሦስት ገጸ ባሕርያት አዘዝን፤ በዕለቱ ትንበያ መሠረት አንዱ ይወጣል። ስያሜያቸውን ከተረት ቤት ተበድረን አያ ደመና፣ እመት ጸሐይና ማሙሽ በረዶ አልናቸው፤ አያ ጅቦንና እመት ጦጢትን እየሰማ ላደገ ሰው ማስተዋወቂያ የማያስፈልጋቸው ስሞች ናቸው።

ብዙውን ነገር የተማርነው በአያ ደመና ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ባለሙያዋ የመጀመሪያውን ናሙና ያለበሱት በባዘቶ ነበር። ደመናን በባዘቶ የማይመስል ጎንደሬ የለም፤ እሳቸው ግን ምሳሌውን ወደ ቃሉ መልሰው እውነተኛ ባዘቶ አስፈትለው ሳይሆን አስነድፈው ብቻ፣ በስስ ጨርቅ ላይ እያነባበሩ ሰፉት። በቤታቸው በር አጠገብ የጠዋት ጸሐይ ሲያርፍበት እንደዚያ ያለ ውብ ነገር አይቼ አላውቅም። ለሙከራ መብራት ስር ሲቆም ግን ሁለት ነገር ሆነ። ነጩ ከብርሃኑ ጋር ተደምሮ በካሜራው መስኮት ላይ እጥፋቱም እብጠቱም የማይለይ አንድ ወጥ ብርሃን ሆነ፤ ለባሹ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ደግሞ ከላዩ ብናኝ እየረገፈ ጥቁር ሱሪ የለበሱትን ሁሉ አነጣቸው። ባለሙያዋ አልተከራከሩም። ናሙናውን ተሸክመው ተመለሱና በሳምንቱ የሐምሌ ማለዳ ደመናን የሚመስል አመድማ ቀለም በነከሩት የብርድ ልብስ ጨርቅ አለበሱት፤ የእብጠቶቹን ሥር ጠቆር፣ ጫፋቸውን ፈካ አድርገው ስላቀለሙት መብራቱ ባይኖር እንኳ ጥላ ያለው ይመስል ነበር። ባዘቶውን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ፤ ለካሜራ ግን አመድማው ትክክል ነበር።

ከጨርቁ በላይ ያስቸገረን የትከሻው ነገር ነው። ነጎድጓድ ሲሰማ አያ ደመና እስክስታ እንዲወርድ ተስማምተን ነበር፤ ይህን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ አሁንም እኮራበታለሁ። ለባሹ በአንድ የባህል ምሽት ቤት የሚጨፍር ወጣት ሲሆን ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ዓይን አያርፍበትም። ልብሱ ግን ከአንገት እስከ ጉልበት በአንድ ወጥ፣ ሶፋ ሠሪዎች በሚጠቀሙበት ወፍራም ስፖንጅ የተሠራ ስለነበር፣ ልጁ ከውስጥ እንደ እሳት ሲንቀለቀል ከውጭ የሚታየው ዝም ያለ ደመና ሆነ። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ጎን ዘመም አለ፤ የካሜራ ባለሙያው «ደመናው ታመመ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ባለሙያዋ ይህን ሲያዩ ልጁን ያለ ልብሱ እንዲጨፍርላቸው አዘዙት። ጠመኔያቸውን ይዘው ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ትከሻው ወዴት እንደሚሄድ፣ ደረቱ የት ላይ እንደሚሰበር፣ አንገቱ መቼ እንደሚከተል ሦስት አራት ጊዜ አስደገሙት።

«ልጄ፣ እኔ የሰፋሁት ለቆመ ሰው ነው» አሉኝ፤ «ይኼ ልጅ ደግሞ አይቆምም።»

ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ቤቱን ያለ ማመንታት እንድመክር ያደረገኝ ነው። ስፖንጁን በሁለቱም ትከሻዎች በኩል በቢላዋ ሰንጥቀው አወጡትና የወጣውን ቁራጭ ወደ ሰባት ትንንሽ እብጠቶች ከፋፈሉት፤ እያንዳንዱን በማስቲሽ ሳይሆን በአጭር ላስቲክ ከውስጠኛው ሰደርያ ጋር አያያዙት። ማስቲሽ ያጣብቃል፤ የተጣበቀ ነገር ደግሞ ከአካሉ ጋር አብሮ ይሄዳል እንጂ ለብቻው አይንቀጠቀጥም። ላስቲኩ ግን የልጁን ትከሻ ትንሽ ዘግይቶ ይከተላል፤ ትከሻው አንዴ ሲመታ እብጠቶቹ ሁለቴ ይመልሳሉ። በውጤቱ አያ ደመና ከለባሹ በላይ ጨፋሪ ሆነ። በቀረጻው ዕለት መብራት የሚይዙት ልጆች ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

ፊቱ ላይ ያሉትን ዓይኖች በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር። ባለሙያዋ የዓይኑን አሳሳል የወሰዱት ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ነው፤ በዚያ ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች ላይ ትልልቅ፣ ጥቁር ጠርዝ ያላቸውና ብሌናቸው ወደ ጎን የሄደ ዓይኖች በየረድፉ እንደሚታዩ ጎንደርን የጎበኘ ሁሉ ያውቃል። እኔ በበኩሌ ቆርቆሮ ለሚሸጥ ደመና ከቤተ ክርስቲያን መዋስ ነውር እንዳይሆን ሰግቼ ነበር። «ዓይኑን እንጂ ክንፉን አልወሰድኩም» ብለው መለሱልኝ። ክርክሩን ለሊቃውንት ልተወውና፣ ከሥራው አንጻር ምርጫው ብልኅ ነበር፤ ያ አሳሳል ምእመን ከታች ሆኖ እንዲያየው የተሠራ ስለሆነ ከሩቅ ይነበባል፤ በየሳሎኑ ጥግ ባለ አነስተኛ ቴሌቪዥን ላይም ዓይኑ ሳይደበዝዝ ይታያል። 

ይሁንና ለባሹ የሚያየው በእነዚያ ዓይኖች ሳይሆን በአፉ ውስጥ በተዘረጋ ጥቁር መረብ ጨርቅ ነው። መረቡ ከውጭ ጨለማ ይመስላል፣ ከውስጥ ግን ያሳያል፤ ይህ የታወቀ የሙያው ዘዴ ነው። ችግሩ የጭንቅላቱ ማረፊያ የሆነው የግንባታ ሠራተኞች ሄልሜት ቀጥ ብሎ ስለተገጠመ ልጁ ፊት ለፊቱን ለማየት አገጩን ባነሳ ቁጥር አያ ደመና ተመልካቹን ትቶ ጣሪያ ጣሪያውን ማየቱ ነው። ለቆርቆሮ ሻጭ ይህም ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን በዐሥር ሰከንድ ውስጥ ዓይን ለዓይን ካልተያዩ ነገሩ አበቃ። ሄልሜቱ ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል ተደርጎ ዳግም ሲታሰር ነገሩ ተስተካከለ። ይህ ከቀረጻ በፊት በመስታወት ፊት በአምስት ደቂቃ የሚታወቅ ጉድለት ስለሆነ፣ እኛ ስቱዲዮ ተከራይተን መብራት አብርተን ማወቃችን አናድዶኛል።

የባሰው ስሕተት ግን የቀለም ነበር። ሥራ አስኪያጃችን አያ ደመና ባለ ጥለት ነጠላ እንዲያጣፋ ፈለጉ፤ ጥለቱም አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ እንዲሆን አዘዙ። ነጠላው በሥርዓቱ ተሸመነ፣ ተሰፋ፣ አማረ። እንደሚታወቀው የአየር ሁኔታ ካርታ ከአቅራቢው ኋላ በእውን የተሰቀለ አይደለም፤ ሰውየው በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት ይቆማል፣ ኮምፒውተሩ አረንጓዴውን ሁሉ አጥፍቶ በቦታው ካርታውን ይተካል። ኮምፒውተሩ የመጋረጃን አረንጓዴ ከጥለት አረንጓዴ አይለይም። አያ ደመና በግርማ ብቅ ሲል ከግራ ትከሻው እስከ ወገቡ ቀጭን ቀዳዳ ተከፈተ፤ በቀዳዳውም ውስጥ የምዕራብ ጎንደር ካርታ ታየ፤ የመተማ ሙቀት በደመናው ጡት ላይ ተጽፎ አነበብን። ኤዲተሩ በሳቅ ወንበሩን ሊለቅ ነበር፤ እኔ ግን የስቱዲዮውን ኪራይ እያሰብኩ መሳቅ አልቻልኩም። ለዚህ ጥፋት ግማሹን እኛ እንወስዳለን፤ በምን ፊት እንደሚቀረጽ አልነገርናቸውም። ግማሹ ግን የቤቱ ነው፤ ለቴሌቪዥን እሰፋለሁ የሚል ሰው መርፌ ከማንሳቱ በፊት «ኋላው ምን ዓይነት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ጥለቱ በሰማያዊ ተተክቶ ሥራው ቀጠለ፤ ለለውጡ ክፍያ አልጠየቁንም።

እመት ጸሐይ ከሦስቱ ሁሉ ያለ እንከን የተሠራች ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ባለሙያዋ ለፊቷ ስፖንጅ አልተጠቀሙም፤ በቢጫና በብርቱካን ቀለም በተነከረ አክርማ የተሰፋ ትልቅ ሰፌድ አሠርተው ፊቱን በእሱ ላይ አዋቀሩት። ሰፌድ ክብ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሳይደገፍ ቅርጹን ይጠብቃል፤ በስፌቱ መካከልም ጥቂት ነፋስ ያሳልፋል፤ የስፖንጅ ጭንቅላት ይህን አያደርግም። ጨረሮቹም ስንደዶ በውስጣቸው ስላለ አይጎነበሱም። እናቶቻችን ለእንጀራ የሠሩትን ነገር ለጸሐይ ፊት ማዋል ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ያሰበው ሰው ከመኖሩ በፊት ማንም አላሰበውም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያስፈልገዋል፤ ካሜራው ከሩቅ ሲያየው ጥቅጥቅ ያሉት የሰፌዱ ዙሮች በምስሉ ላይ እንደ ውሃ ይርገበገባሉ። ወደ ፊቷ ቀረብ ብለን ስንቀርጽ መርገብገቡ ጠፋ።

ማሙሽ በረዶ ደህና ነው፤ ከዚያ በላይ አልልም። በቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚመጣው ነጭ ማሸጊያ የተቀረጹት እንክብሎች በየሁለት ቀረጻው ይፈረፈራሉ፣ ሲነካኩም ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ያወጣሉ። ልጆች ግን ከሁለቱ ይልቅ የሚወዱት እሱን ነው፤ ቆርቆሮ ላይ እየነጠረ ሲወርድ የሚያሳየው ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር የጎረቤቴ ልጅ አብሮት ይዘላል። 

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ቤቱ ካሜራው ለሚያየው ወገን ብዙ ይጨነቃል፤ ውስጥ ላለው ሰው ግን የሚገባውን ያህል አላሰበም። የአያ ደመና ገበር ከስፖንጁ ጋር ተያይዞ የተሰፋ ስለሆነ ወልቆ አይታጠብም። ጎንደር ደጋማ ናት ብሎ መተማመን አይቻልም፤ በስቱዲዮ መብራት ስር፣ በስፖንጅና በብርድ ልብስ ጨርቅ ተጠቅልሎ እስክስታ የሚወርድ ልጅ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሸሚዙ ይጨመቃል። እኛ በየ15 ደቂቃው ጭንቅላቱን አውልቀን ውሃ እንሰጠው ነበር፤ ከዚህ በላይ ማቆየት አደጋ ነው። በሦስተኛው የቀረጻ ቀን የልብሱ ሽታ ለባሹን ቀርቶ አጠገቡ የሚቆመውን አስቸገረ። ከጭንቅላቱ ውስጥ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ትንሽ ፋን በባትሪ ገጥመውለት ነበር፤ ይረዳል። ገጸ ባሕርያችን ስለማይናገሩ ጩኸቱ አላወከንም፤ ድምፅ አብሮ ለሚቀረጽበት ሥራ ግን ያ ፋን አይሆንም። ገበሩን በዚፕ የሚወልቅ እንዲያደርጉት ስንጠይቅ ልብሱን ፈትቶ እንደ አዲስ መስፋት ስለሚሆን ተጨማሪ ክፍያ ተጠየቅን፤ ከመጀመሪያው ሊታሰብ የሚገባው ነገር ስለነበር ይህ አልተዋጠልኝም።

አንድ ሌላ ችግር ደግሞ የራሳችን ሥራ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ያህል እጽፈዋለሁ። ባለሙያዋ ልብሱ የቤት ውስጥ ነው ብለው አስጠንቅቀውን ሳለ በሐምሌ አንድ ከሰዓት አያ ደመናን ይዘን ፒያሳ ወጣን። ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ መጣ። ስፖንጁ ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ ልጁ መራመድ አቃተው፤ ሁለት ሰው ደግፎት ወደ አንድ ካፌ በረንዳ አስገባነው። ዝናብ የማይችል ደመና ያየው ሕዝብ ከማስታወቂያችን ሁሉ ይልቅ ያንን የሚያስታውስ ይመስለኛል። በክረምት ጸሐይ ለመድረቅም አራት ቀን ወሰደበት።

ጊዜን በተመለከተ፣ በሦስት ሳምንት ይደርሳል የተባለው ሥራ የደረሰን ከሁለት ወር በኋላ ነው። መቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ሆኖም ያዘዝነው በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ በሚባልበት አገር፣ ያውም ጥምቀት በሚደምቅበት ጎንደር፣ በታኅሣሥ ወደ ልብስ ሰፊ ደመና ይዞ የሚሄድ ሰው ራሱን ይውቀስ። መዘግየቱን ሳይሆን አስቀድሞ አለመነገሩን ነው የምነቅፈው፤ «ከጥምቀት በኋላ ኑ» ቢሉን በደስታ እንጠብቅ ነበር። ዋጋው ግን ተገቢ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ለተመሳሳይ ሥራ ከተጠየቅነው ከግማሹ ብዙም አይበልጥም። ግማሹ በቅድሚያ ይከፈላል፣ ለግማሹ ልብሱ ተለብሶ እስኪታይ ይጠብቃሉ፤ ደረሰኝም ይሰጣሉ።

ወደዚህ ቤት የሚሄድ ሰው ልብሱን የሚለብሰውን ራሱን ይዞ ይሂድ፤ የቁመትና የወገብ ልክ ብቻ በወረቀት መላክ አይበቃም። የሚወልቅ ገበር እንዲኖረው በውሉ ላይ ያስጽፍ፤ ሥራውም ካለቀ በኋላ ስቱዲዮ ከመከራየቱ በፊት በስልክ ካሜራ እንኳ ቢሆን ቀርጾ ይየው።

እኛ ከኅዳር እስከ ጥር ለሚቀርበው ዘገባ የሚሆን አራተኛ ገጸ ባሕርይ፣ እመት ውርጭን፣ ባለፈው ሳምንት አዝዘናል፤ በዚህ ጊዜ መስከረም ሳይጠባ ነው የሄድነው። ባለሙያዋ ስለ ልኩ ሳይጠይቁኝ ይዤላቸው የሄድኩትን የጨርቅ ናሙና ተቀብለው ወደ ግድግዳው ሄዱ። ከስፌት መኪናው በላይ የመዳፍ ስፋት ያላት አረንጓዴ ጨርቅ በመርፌ ተሰክታለች፤ ከስቱዲዮው መጋረጃ ጫፍ ለምነው ያመጧት ናት። ናሙናዬን አጠገቧ አድርገው በመስኮቱ ብርሃን ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩና «ይኼኛው አይጠፋም» ብለው ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ።